ከዐውደ ርእይ ወደ ሳሎን፦ ስለ መብራት፣ ስለ ወንበርና ስለ ጣውላ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በመሀል አዲስ አበባ በተካሄደው የዲዛይን ፌስቲቫል ላይ ስለታዩት ዘመናዊ የቤት ዕቃዎችና መብራቶች ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን በዚህ እትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በፌስቲቫሉ ላይ ከዋንዛ የተሠራ አንድ መደርደሪያ አይቼ በጣም ስለወደድኩት ከሠሪው ገዛሁት። እዚያ ሳየው ማር የመሰለ ቀለም ነበረው፤ ሳሎኔ ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ገርጥቶ አመድማ ሆነብኝ። እንጨቱ ተቀይሮብኝ ይሆን? አብሬ የገዛሁት ከስንደዶ የተሰፋ የመብራት ክዳንስ እሳት አያስነሳም? (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንጨቱን ከመጠርጠርዎ በፊት አምፖሉን ይጠርጥሩ። ከየሱቁ በብዛት የምንገዛው ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን፣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ቀይና ቡናማ ቀለም ደምቆ የሚታየው ደግሞ በሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ በቂ ቀይ ጨረር ሲኖር ስለሆነ፣ እንደ ዋንዛ ያለ እንጨት በዚህ ዓይነቱ አምፖል ሥር መገርጣቱ አያስገርምም። ዐውደ ርእይ የሚያሰናዱ ባለሙያዎች ለእንጨት ሥራ የሚመርጡት ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለውን፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላውን ብርሃን ነው። ብዙ ሰው የኬልቪኑ ቁጥር ከፍ ሲል የብርሃኑ ቀለም ሞቅ ያለ፣ ማለትም ወደ ቢጫነት ያደላ የሚሆን ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ካርቶኑ ላይ ሌላም የሚነበብ ቁጥር አለ። ሲአርአይ የሚባለው መለኪያ አምፖሉ የዕቃዎችን ቀለም ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ሲሆን፣ ከፍተኛው ነጥብ 100 ነው። ለመተላለፊያና ለዕቃ ቤት 80 ይበቃል፤ እንጨት፣ ጥልፍና ሥዕል ላለበት ሳሎን ግን 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ቢፈልጉ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

ይህም ሆኖ አምፖሉን መቀየር ብቻውን የዐውደ ርእዩን ውበት ወደ ቤትዎ ላያመጣው ይችላል። በዐውደ ርእይ ላይ አንድ ዕቃ የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወርድ ጠባብ ጨረር ነው፤ ዙሪያው ጨለም ስለሚል የጣውላው ጉብታና ስርጉድ ሁሉ ጥላ ያገኛል። በእኛ ቤቶች የተለመደው ከኮርኒሱ መሀል የተሰቀለ አንድ አምፖል ግን ጥላን አጥፍቶ ዕቃውን ሁሉ እኩል ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በእኔ ግምት አዲስ ሶፋ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሁለት የጠረጴዛ ወይም የቁም መብራት ቢገዛ፣ አሮጌውን ሶፋ እንደገና ሊወደው ይችላል። የቁም መብራቱን ሲያስቀምጡ የክዳኑ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙም ከፍ እንዳይል ይጠንቀቁ፤ አለዚያ እንግዳዎ ፊት ለፊት የሚያየው አምፖሉን ይሆናል።

የስንደዶው ክዳን እንዳያሰጋዎ ኤልኢዲ ብቻ ይጠቀሙ። የቀድሞው ባለ 60 ሻማ አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ስለነበር ለሣርም ሆነ ለወረቀት ክዳን አስጊ ነበር፤ ተመሳሳይ ብርሃን፣ ማለትም 800 ሉመን ገደማ የሚሰጥ ኤልኢዲ ግን ከ8 እስከ 10 ዋት ያህል ብቻ ይወስዳል። የክዳኑ አናት ክፍት ይሁን፤ በኤልኢዲ አንገት ላይ የሚጠራቀመው ሙቀት መውጫ ካጣ የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል።

ጥያቄ፦ ዲዛይነሮቻችን በርጩማንና መቋሚያን ለወንበሮቻቸው መነሻ እያደረጉ ያቀርባሉ። ይህ ባህልን ለገበያ ማሻሻጫ ማድረግ አይሆንም? አንዳንዶቹ ወንበሮችም ለመቀመጥ የሚመቹ አልመሰሉኝም። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሥራዎቹን በጅምላ መኮነን አይገባም። በማንኛውም ወንበር ጀርባ ላይ የመስቀል ቅርጽ ወይም የጥለት ጨርቅ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ተላጦ ቢወጣ ወንበሩ ምንም አይጎድልበትም። ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ ከመቋሚያ ተነሥቶ የሠራው ወንበር ግን ከዚህ ይለያል። መቋሚያ ካህናቱና ደብተራዎቹ በረጅሙ ማኅሌት ቆመው ሰውነታቸውን የሚያሳርፉበት ነውና፣ የወንበር መደገፊያ ሆኖ ሲመጣ የቀድሞ አገልግሎቱን ይዞ ይመጣል። የዚሁ ዲዛይነር ሌላ ወንበር መነሻው የደጋ አጋዘን ቀንድ ሲሆን፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 በከፈተው አፍሪካዊ የወደፊት ዘመንን በሚያሳይ ክፍል ውስጥም የእሱ ሥራ ተካትቷል።

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም ሊጠና የሚገባው በቅርጹ ብቻ አይደለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ሦስት እግር ደግሞ ባልተስተካከለ ወለል ላይም አይወላገድም። ባለ አራት እግሩ ወንበር በአፈር ወለል ላይ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥበብ ይረዳዋል። ሆኖም በሴራሚክ ወለል ላይ ያ ጥቅም ይቀንስና ጉድለቱ ይጎላል፤ ተቀማጩ ወደ ጎን ሲያዘነብል ክብደቱ ከሦስቱ እግሮች መካከል ከወጣ በርጩማው ይገለበጣል። ስለዚህ በፌስቲቫሉ ላይ ባለ ሦስት እግር ወንበር ሲያዩ እግሮቹ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደተከፈቱ ይመልከቱ።

ስለ ምቾት ያነሡት ትክክል ነው፤ ግን የሚታየው ሁሉ ለሽያጭ የተዘጋጀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረው የሚላኑ የቤት ዕቃዎች ዐውደ ርእይ እንኳ ከ1998 ወዲህ ለወጣት ዲዛይነሮች በለየው ክፍል ውስጥ ገና ፋብሪካ ያልገቡ ናሙናዎችን ያሳያል።

ጥያቄ፦ ከወፍራም የዋንዛ ጣውላ የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ ለማዘዝ አስቤያለሁ። ይሰነጠቅ ይሆን? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ በቅጡ ያልደረቀ ጣውላ ከሆነ አዎን። የደረቀውም ቢሆን በክረምት እርጥበት ስቦ ይሰፋል፤ በበጋ መልሶ ይጠባል፤ ይህ የሚሆነው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ሠሪውን ይቅርታ ጠይቀው ቀድሞ ከሠራው ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፦ ገበታው ከእግሮቹ ጋር በኮላ ከተጣበቀ ወይም ብሎኖቹ በጠባብ ክብ ቀዳዳ ከታሰሩ ጣውላው መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ ሆነው ከተሠሩ ባለሙያው ሥራውን ያውቃል ማለት ነውና ቀብድ ቢከፍሉ አያስቆጭዎትም።