በቫሬና በኩል ግቡ

ከዋሽንግተንም ይምጣ ከፍራንክፈርት፣ ሚላኖ የሚያርፍ ዘመድ ሻንጣውን ሳይፈታ «ኮሞን መቼ ታሳዪናለሽ?» ይለኛል። በልቡ ያለው የፊልም ተዋናዮች ቤት የገዙበት ሐይቅ፣ ቪላ፣ ነጭ ጀልባና ፎቶግራፍ ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግዳዬን የምወስደው ሁሉም በሚሄድበት መንገድ ነበር፤ ኮሞ ከተማ መውረድ፣ ለጀልባ አንድ ሰዓት መሰለፍ፣ ቤላጆ ደርሶ በውድ ዋጋ ጄላቶ መላስ፣ ለመመለስ እንደገና መሰለፍ። እንግዳው ፎቶውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ ኪሴ ሳስቶ፣ እግሬ አብጦ፣ ሐይቁን በቅጡ ሳላየው እቀራለሁ።

ያቃኑኝ ሲኞራዬ ናቸው። ሚላኖ ውስጥ ስድስት ዓመት የተንከባከብኳቸው እኚህ አሮጊት የተወለዱት በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለችው ከቫሬና በላይ፣ ተዳፋት ላይ በተሰቀለችው ፔርሌዶ ነው። በየበጋው ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። የሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴን እንደ ቀድሞው ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ማሳለፍ ስላልቻልኩ፣ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው የዚያን ጊዜ ትምህርት ነው።

ሐይቁ እግሩን ከፍቶ እንደቆመ ሰው ነው። ራሱ በሰሜን ኮሊኮ ነው፤ አንድ እግሩ ኮሞ፣ ሌላው ሌኮ ላይ ያርፋል፤ ቤላጆ እግሮቹ በሚለያዩበት ቦታ ተቀምጣለች። (የአገሬው ሰው በዚህ የሚቀልደው ቀልድ አለ፤ እዚህ አይጻፍም።) ቱሪስቱ የሚጎርፈው በኮሞ በኩል ነው። እናንተ ግን ከሚላኖ ቼንትራሌ ወደ ሶንድሪዮና ቲራኖ የሚሄደውን ባቡር ያዙና ቫሬና ውረዱ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስትሄዱ በግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ። ከሌኮ በኋላ ባቡሩ ከዋሻ ወደ ዋሻ እየገባ ሲወጣ ውኃው ብልጭ ድርግም ይላል፤ በቀኝ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ድንጋይ ብቻ ነው።

ቲኬት ደርሶ መልስ ግዙ። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት በጣቢያው ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ማኅተም አስመቱበት። ይህን የምለው ያልታተመ ቲኬት ይዤ «ከፍያለሁ እኮ!» እያልኩ ስከራከር ቆይቼ፣ ከቲኬቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ቅጣት ከፍዬ ስለማውቅ ነው። አንድ የጣሊያንኛ ቃል ደግሞ አጥኑ፤ «ሾፔሮ»፣ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ዓርብ ላይ ይወድቃል። በሥራ ቀን አድማ ሲሆን ባቡር እንዲኖር ሕግ የሚያስገድድባቸው ሰዓታት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 3 እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ናቸው። ሰዓቱን በሐበሻ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ በዚህ ልክ እንኳ ለማስታወስ ይቀላል።

ቀን ስትመርጡ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን። ወር ስትመርጡ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት። በእነሱ ኦገስት አትሂዱ። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ ለእነሱም የማርያም ዕርገት በዓል ነው፣ ግን አከባበሩ በመብላትና በመዋኘት ነው። እኛ ያኔ ፍልሰታን እየጾምን ነን። በዚያ ሰሞን በሐይቁ ዳር በሽሮ ሽታ ትዝታ፣ በተጠበሰ ሥጋ ጭስ መካከል መቆም ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ።

ቫሬና ከወረዳችሁ ወደ ጀልባው አትሩጡ። ጀልባው ቤላጆን በሩብ ሰዓት ያደርሳችኋል፤ ከሰዓት በኋላም ይደረስበታል። ጠዋት ጉልበት ሳለ ወደ ላይ ነው። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሴንቲዬሮ ዴል ቪያንዳንቴ የሚባል የጥንት የእግር መንገድ አለ፤ የመንገደኛው መንገድ ማለት ነው። የመኪናው አስፋልት ከመሠራቱ በፊት ነጋዴውም በቅሎውም የሚያልፉት በዚህ ነበር። ከሌኮ አቅራቢያ እስከ ኮሊኮ በላይ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ በደከማችሁበት መንደር ወርዳችሁ ባቡር መሳፈር ትችላላችሁ። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። አዛውንት እናት ይዞ የመጣ ሰውም ሳይፈራ ይጀምረዋል።

ለአንድ ቀን የምመርጥላችሁ ከቫሬና ወደ ቤላኖ ያለውን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በድንጋይ ደረጃ ወጥታችሁ ቬዚዮ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ የፈረሰ አሮጌ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሦስቱም የሐይቁ ክንዶች ይታያሉ። ከዚያ በወይራ ዛፍና በደረት ነት ጫካ ውስጥ፣ በመንደሮቹ ጓሮ እያለፋችሁ ቤላኖ ትወርዳላችሁ። ዳቦና ፍራፍሬ እየበሉ፣ ፎቶ እየተነሱ ለሚሄዱ ሰዎች ሦስት ሰዓት በቂ ነው። ቤላኖ ውስጥ ፒዮቬርና የሚባል ወንዝ ዓለቱን ሰንጥቆ የሠራው ገደል አለ። ኦሪዶ ይሉታል። በብረት ድልድይ ውስጡ ይገባል፤ መግቢያው ያስከፍላል፣ ክፈሉ፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ብርዱ ነጠላ ያስደርባል።

ትንሽ ትርፍ ጊዜ ያለው ከቫሬና በደቡብ በኩል ፊዩሜላቴን ይይ። «የወተት ወንዝ» ማለት ነው። ርዝመቱ 250 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ፣ ከዋሻ ወጥቶ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ በማስታወሻው ጠቅሶታል። የሚፈሰው በእነሱ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ገደማ ነው፤ በክረምታቸው ሄዳችሁ ደረቅ ድንጋይ ብታዩ በእኔ አትፍረዱ።

ስለ መውጣት ካነሳሁ፣ ወንድሞቼ ላይ ያየሁትን ልናገር። «እኛ የደጋ ልጆች ነን» እያሉ በሸራ ጫማ ወደ ግሪኛ ተራራ የሚነሱ አሉ። የግሪኛ ጫፍ 2,410 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ይመስላል። እውነት ነው፣ አየሩ አያስፈራንም። ነገር ግን ጉዞው የሚጀምረው 200 ሜትር ላይ ካለ ሐይቅ ነው፣ ጫፉ አካባቢ በረዶው እስከ ግንቦት ሊቆይ ይችላል፣ ደግሞም አሥራ አምስት ዓመት በመኪና ሲሄድ የኖረ ጉልበት የደጋ ጉልበት አይደለም። ለግሪኛ የተራራ ጫማና የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ውኃውን ግን ከተራራው የበለጠ ፍሩ። ጣና በስፋቱ ኮሞን ሃያ ጊዜ ያጥፈዋል፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ኮሞ 146 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ከ400 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከዳር ሁለት እርምጃ ስትሄዱ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል፤ ላይ ላዩ ሞቅ ያለው ውኃ ትንሽ ዝቅ ሲሉ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ብሬቫ የሚሉት ነፋስ ይነሣና ማዕበል ያስነሣል። በየበጋው ሰው ይሰምጣል፤ ዋና ያልለመዱ የስደተኛ ልጆችም ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ልጆቻችሁን ዳር ላይ አትልቀቁ። ዋናተኛ ነኝ የሚል ጎረምሳ ካለ ደግሞ ጠባቂ ባለበት ቦታ ይዋኝ።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

በሐይቁ ዳር ምናሌው በአራት ቋንቋ የተጻፈበት ምግብ ቤት አትግቡ። ከውኃው ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበትን ፈልጉ። ወጥ ቤቱ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል፣ ከዚያ እስከ ማታ 1 ሰዓት ይዘጋል። «ርቦኛል» ብላችሁ 9 ሰዓት ላይ ብትለምኑ የምታገኙት ሳንድዊች ነው። ሒሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ሁለት ሦስት ዩሮ በየሰው ተጨምሮ ስታዩ አትቆጡ፤ የዳቦና የገበታ ነው፣ ሁሉም ይከፍላል። ማኪያቶ ግን ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ከፍ ይላል።

መጀመሪያ የምታዙት ሚሶልቲኒ ይሁን። አጎኔ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ በጨው አሽተው፣ በፀሐይና በነፋስ አድርቀው፣ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አሎሮ ከሚባል መዓዛ ቅጠል ጋር ደርድረው ይጫኑታል። ከወራት በኋላ በፍም ላይ ያሞቁትና በኮምጣጤ ያቀርቡታል። ለፈረንጅ እንግዳ ይከብዳል፤ ቋንጣ ላደገበት ሰው ግን ዘመድ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። ጨው የማይወድ ሰው በሩዝ ላይ የሚቀርበውን ፔርሲኮ ይዘዝ፤ አጥንት የሌለው የዓሣ ቁራጭ በቅቤና በሳልቪያ ቅጠል ተጠብሶ ነው። ሩዙ ሲሠራ ወይን ሊገባበት ስለሚችል ሙስሊም ወገኖቼ ጠይቁ።

የፖለንታ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሲኞራዬ በመዳብ ድስት ውኃ አፍልተው የበቆሎ ዱቄት እየበተኑ ሲያማስሉ አየሁና፣ ማማሰያውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ጓል ሳልሠራ ሳበስለው ተገረሙ። እኔ ምን ልበላቸው፣ ገንፎ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ፖለንታ የእኔ ሥራ ሆነ። እዚያ ተራራ ላይ ፖለንታ ኡንቻ ይሉታል፤ አይብ በየንብርብሩ አስገብተው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሳልቪያ ያለበት የቀለጠ ቅቤ ያፈሱበታል። ቤላጆ ያሉት ደግሞ ቶክ የሚሉት አላቸው። ፖለንታው ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቅቤና አይብ ጠጥቶ መሐል ይቀመጣል፣ ሰው ዙሪያውን ከቦ ከአንዱ ድስት በእጁ እየቆረሰ ይበላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ የማን አገር እንዳለሁ ጠፋኝ። ቶክ በየቀኑ አይሠራም፤ ሰብሰብ ብላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ እዘዙ።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን ካለው ቫልቴሊና ሸለቆ የመጣው ፒትሶኬሪም ምናሌው ላይ ይገኛል። ጠቆር ያለ ሰፊ ፓስታ ነው፤ ከጥቅል ጎመን ወይም ከቆስጣ (እነሱም ኮስቴ ነው የሚሉት)፣ ከድንችና ከአይብ ጋር ይሠራል። ከእግር ጉዞ በፊት አትብሉት፤ ያስተኛል። ብሬሳኦላም የዚያው አገር ነው፤ የደረቀ የበሬ ሥጋ ስለሆነ አሳማ የማይበላ ሰው ሊፈራው አይገባም። በሌላው ሁሉ ግን «ቼ ማያሌ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው።

ሁለተኛ ቀን ያለው በምዕራቡ ዳርቻ ከኮሎኖ እስከ ግሪያንቴ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ይሂድ፤ ግሪንዌይ ይሉታል፣ ለጥ ያለ ነው። ከኮሞ ሲ አሥር የተባለው አውቶቡስ ያደርሳል። በመንገዱ ላይ ስላሉት ቪላዎች ማንኛውም መጽሔት ይነግራችኋል። እኔ የምነግራችሁ ከአዛኖ ትንሽ ሽቅብ ስላለችው ጁሊኖ ዲ ሜትሴግራ ነው። ሙሶሊኒ የጀርመን ወታደር ካፖርት ለብሶ ሲሸሽ ዶንጎ ላይ የተያዘው ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱ ጁሊኖ ውስጥ በአንድ ቪላ በር ላይ ተረሸነ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ቦታው ላይ ትንሽ ጥቁር መስቀል አለ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እኔ አጠገቡ ቆሜ የየካቲት 12ን ሰዎች አሰብኩ፤ ከዚያ ወርጄ ምሳዬን በላሁ። ዶንጎ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ የሚተርክ ሙዚየም አለ፤ ልጅ ያለው ሰው ልጁን ይውሰድ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ በእነሱ ኤፕሪል 28 አካባቢ ግን አትሂዱ፤ የሰውዬው ናፋቂዎች እጃቸውን እየዘረጉ የሚሰበሰቡበት ሰሞን ነው። ሬሳው በማግሥቱ የተሰቀለበት የሚላኖው አደባባይ ፒያሳሌ ሎሬቶ ደግሞ፣ እንጀራ ለመብላት ወደ ፖርታ ቬኔዚያ ስንሄድ የምናውቀው የኮርሶ ቡዌኖስ አይረስ ሌላኛው ጫፍ ነው።

በኮሞ ከተማ በኩል የምትመለሱ፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው በገመድ የሚሳብ ባቡር ሰባት ደቂቃ ውስጥ ብሩናቴ ያወጣችኋል፤ ለአመሻሽ ጥሩ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ወይም ፓስፖርታችሁን ግን ከኪሳችሁ አትለዩ። ከኮሞ ሳን ጆቫኒ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ኪያሶ፣ ስዊዘርላንድ ነው፤ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ድንበር ላይ ይነቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. በጋ ከዚያ ድንበር የተመለሱ በመቶ የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን በብዛት ያሉበት፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ ሣር ላይ ከርመዋል። በዚያ ስታልፉ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ የአገር ልጅ ካያችሁ ሰላም በሉት።

ለቤት ሚሶልቲኒ የምትገዙ፣ ሱቁ አየር አውጥቶ እንዲያሽግላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት። አንድ ጊዜ እንዲሁ በወረቀት ይዤ የማታውን ባቡር ተሳፈርኩ፤ ሌኮ ሳንደርስ ፉርጎው የእኔ ብቻ ሆነ።