ካምኮርደር ሲመርጡ የሚቀርጸውን ፋይል ይመልከቱ

ጥያቄ፦ በውሰት ባገኘሁት ካምኮርደር የቀረጽኩትን ቪዲዮ ወደ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሳስገባ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ልቆርጥ ስሞክርም ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ፋይሉ ኤምፒ4 ስለሆነ ችግር አይኖረውም ተብዬ ነበር። አሁን የራሴን ልገዛ ነውና ከሶፍትዌሩ ጋር ያለ ጣጣ የሚሠራውን በምን ልለየው?

መልስ፦ እንዲያ ያሉዎት ሰው ያዩት ዕቃውን ሳይሆን ሣጥኑን ነው። ኤምፒ4 ምስልና ድምፅ አብረው የሚቀመጡበት መያዣ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩን የሚያደክመው በውስጡ ያለው ምስል የታመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴኩ ነው። ኤች.264 እና ኤች.265 የተባሉት ኮዴኮች በተለመደው አሠራራቸው እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል፣ ሙሉ ለሙሉ አያስቀምጡም፤ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዙና በመካከል ላሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ እርስዎ ታይምላይኑ (ቪዲዮው የሚደረደርበት መስመር) ላይ አንድ ቦታ ሲጫኑ ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ምስል ይፈልግና የጎደለውን እየሞላ ወዳመለከቱት ፍሬም ይደርሳል። ቪዲዮው እንዲሁ ሲታይ ያልታወቀው ድካም በኤዲቲንግ ጊዜ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለቱ ኤች.265 አጥብቆ ስለሚያምቅ ለመፍታትም ይከብዳል። በተለይ ቀለምን በበለጠ ዝርዝር የሚይዘውን፣ 10 ቢት 4፡2፡2 የሚባለውን ዓይነት ብዙ ግራፊክስ ካርዶች በራሳቸው ስለማይፈቱት ሸክሙ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተርዎ አዲስ ካልሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ 8 ቢት ኤች.264 መቅረጽ የሚያስችል ምርጫ በሜኑው ውስጥ ያለውን ካምኮርደር ይውሰዱ፤ ከዚያ በላይ ያለው ምርጫ ለወደፊት ይቆይዎታል። የማከማቻ ቦታም አይርሱ፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል።

ያገለገለ ካምኮርደር የሚያስቡ ከሆነ ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለ የቀረጻ ፎርማት ያጋጥምዎታል። ይህ ረጅም ቀረጻን በብዙ ፋይሎች ስለሚከፋፍል፣ ቪዲዮዎቹን ብቻ ለቅመው ሳይሆን የካርዱን ፎልደር እንዳለ ኮፒ ያድርጉ፤ አለዚያ በመገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊቋረጥ ይችላል። 1080አይ በሚል፣ ማለትም የምስሉ መስመሮች እየተፈራረቁ፣ የተቀረጸም ከሆነ፣ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ሊታይዎት ይችላል።

ከመክፈልዎ በፊት ግን የራስዎን ሜሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱና በሚገዙት ካምኮርደር፣ ለመጠቀም ባሰቡት ምርጫ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰው ሲራመድ ይቅረጹ። ቤትዎ ገብተው ፋይሉን ሁለት ጊዜ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ታይምላይኑ ላይ ያስቀምጡና ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት። ምስሉ እጅዎን እየተከተለ ከሄደ ይግዙት። ከዘገየ ደግሞ ሶፍትዌሩ ፕሮክሲ የሚባለውን አነስተኛ ቅጂ እንዲሠራ አዝዘው ይሞክሩት፤ ኤዲቱን በዚህ ቀላል ቅጂ ላይ ሠርተው የመጨረሻውን ቪዲዮ ከዋናው ፋይል ያወጣሉ። በውሰት በያዙት ካሜራ የቀረጹትንም በዚሁ መንገድ ሊያድኑት ይችላሉ።