ሬዲዮ ለምትፈራው የማርቆስ እህታችን

«የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ለአብራሪነት ሥልጠና አሜሪካ ልሄድ ነው። መቆጣጠሪያ ማማ በሌለው ትንሽ ማረፊያ ብቻዬን ስበር ሬዲዮ ላይ መናገር ያስፈራኛል፤ የጆሮ ማዳመጫስ ከዚሁ ገዝቼ ልሂድ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለውሻል። መልመዱንስ ትለምጂዋለሽ፤ ሞተር አስነሥተሽ ከለመድሽው ግን ሒሳቡ በዶላር ነው። እኔ የደንበጫ ልጅ ነኝ፤ በዚሁ መንገድ አልፌበታለሁ።

አንደኛ፦ ሬዲዮውን እዚያው ማርቆስ ሳለሽ ጨርሺው። በሥልጠና አውሮፕላን ውስጥ ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ በረርሽም ቆምሽም እንደ ሜትር ታክሲ ይቆጥራል። የእኔ አስተማሪ ወደ አየር መንገድ ለመግባት የሚያስፈልገውን 1,500 ሰዓት ለመሙላት የሚሮጥ ወጣት ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ከማኮብኮቢያው ዳር ያቆመኝና «በል፣ አሁን ምን ትላለህ?» ይለኛል። እኔ ቃል ስፈልግ፣ እሱ ስልኩን ሲነካካ፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ይህንኑ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ሊያስተምረኝ ይችል ነበር። ደረሰኙ ሲመጣ መሬት ላይ የተገተርንበት ሁሉ በበረራ ዋጋ ተደምሯል። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «እንግሊዝኛህን አሻሽለህ ብትመጣ ይህ ሁሉ ባልወጣ ነበር» አለችኝ። የእንግሊዝኛ መምህር ልጅ ነኝ እኮ! አባቴ ስንቱን የደንበጫ ልጅ ሰዋስው ያስጨበጠ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም እንጂ ያቺ ሴትዮ እስከ ዛሬ ትዝ ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ገንዘቡም አልተመለሰልኝም።

ደግሞም የጎደለኝ እንግሊዝኛ አልነበረም። የሬዲዮ ንግግር ቅደም ተከተል ነው፦ ማንን እንደምትጠሪ፣ ማን እንደሆንሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አትጨምሪ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ የመኝታ ክፍሌ ወለል ላይ በፕላስተር ማኮብኮቢያ ሠርቼ፣ ማታ ማታ በእግሬ እየዞርኩ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አብዷል ብሎ ለሰው አውርቷል። በኋላ የመጀመሪያ የብቻ በረራውን ሊያደርግ ሲል ፕላስተሩን አውሰኝ ብሎ የመጣው ግን እሱው ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችን ንግግር በቀጥታ የሚያስተላልፉ ድረ ገጾች አሉ፤ ኢንተርኔቱ በሚሠራ ቀን ክፈቺና ከአብራሪው ቀድመሽ መልሺ። ስለ አነጋገርሽም አትሸማቀቂ። ሦስትን «ትሪ»፣ ሺህን «ታውዛንድ»፣ ዘጠኝን «ናይነር» ማለት ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ያዘዘው ነው። ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መካከል አድርጉ እየተባልን የተሠቃየንበት ድምፅ እዚህ አይፈለግም።

ሁለተኛ፦ ማማ ባለበት ስትሄጂ ከአውሮፕላንሽ መጠሪያ ቀጥለሽ «ስቱደንት ፓይለት» በይ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ያናግርሻል። ያልገባሽን «ሴይ አጌይን»፣ የማትችይውን «አንኤብል» በይ፤ አንዷ ቃል በቂ መልስ ናት። የእኛ ችግር ይሉኝታ ነው። ጎጃም ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል እንጂ ድገሙልኝ አይልም። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ደሴት ተነሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ የአንደኛው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ «ያኛው ከማኮብኮቢያው አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ «ወጥቷል» ሲለው ዝም አለ። አንጋፋ ካፒቴን ነበርና ማን ደፍሮ ይከራከረው! ስለዚህ ማኮብኮቢያ አቋርጪ፣ ከማኮብኮቢያው በፊት ቁሚ፣ ተነሺ፣ እረፊ ስትባዪ የተባልሽውን ከነቁጥሩ መልሰሽ ድገሚ። «ሮጀር» ብሎ ማለፍ መስማትሽን እንጂ ምን እንደሰማሽ አይናገርም።

ሦስተኛ፦ ማማ የሌለው ማረፊያ። የጠየቅሽው ይህንን ነበር፤ እኔ ወሬ አበዛሁ። እዚያ ፈቃድ የሚሰጥሽ ሰው የለም፤ ያለሽበትን አንቺው ታውጃለሽ። ከ10 ማይል ርቀት ላይ ጀምሪ፤ ከዚያ ለማረፍ ማኮብኮቢያውን ወደሚዞሩበት መስመር ስትገቢና በየመታጠፊያው ተናገሪ። የማረፊያውን ስም በመጀመሪያም በመጨረሻም ጥሪ፤ እንደ 122.8 ያለውን ሞገድ ብዙ ማረፊያዎች በጋራ ስለሚጠቀሙበት፣ ስሙን ካልጠራሽ የጎረቤት ማረፊያ ሰው በአንቺ ወሬ ይደናገጣል። «በአካባቢው ያላችሁ ሁሉ ያላችሁበትን ንገሩኝ» አትበይ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመልስና የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አሟልተሽም ሰማዩ ያንቺ ብቻ ነው ማለት አይደለም። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ሁሉንም በሥርዓቱ ተናግሬ፣ ማንም ሳይመልስልኝ ወደ ማኮብኮቢያው ወደሚያቀናው የመጨረሻ መስመር ልታጠፍ ስል በቀኜ በኩል ዝቅ ብሎ ቢጫ ነገር አየሁ። ክንፉ የበቆሎውን ማሳ ሊነካ ምንም አልቀረው። ፓይፐር ከብ የሚባለው አሮጌ አውሮፕላን ነው፤ ሲሠራም ኤሌክትሪክ አልነበረውም፣ ሬዲዮም የለው፤ ማማ በሌለበት እንዲህ መብረርም በሕጋቸው ይፈቀዳል። ጋዝ ሰጥቼ ሽቅብ ወጣሁ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ነዳጅ መቅጃው ጋ ባለቤቱ ሽማግሌ ቀርበው እጄን ጨበጡና «ዓይን ያለው ተማሪ ካየሁ ቆይቻለሁ» አሉኝ። የዚያን ዕለት ለአስተማሪዬ አልነገርኩትም፤ የሚያመሰግንም ሰው አልነበረም።

ተመልሰሽ አገርሽ ላይ ስትበሪ ደግሞ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ማማ አላት፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ቆላ ተምረሽ ከመጣሽ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይሽም መሬቱ ፈጥኖ ይመጣብሻል፤ ለመነሣትም ረጅም ትሮጫለሽ። ወፎቹንም ሳትጠይቂ አትነሺ፤ በመስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት 35 ሰው አልቋል። የአውሮፕላን ሬዲዮ በቀጥታ መስመር እንጂ ተራራ ዞሮ አይሄድም፤ የጮቄ ተራራ ከመካከል ከገባ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ዝቅ ካልሽ የሚሰማሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሬዲዮው ተበላሸ ብለሽ ቁልፍ ከመነካካትሽ በፊት ከፍታ ጨምሪ። በእርግጥ ከተበላሸ ትራንስፖንደሩ (ለራዳር ኮድ የሚልከው መሣሪያ) ላይ ሬዲዮዬ ተበላሽቷል የሚለውን ኮድ 7600 አስገቢና የማማውን መብራት ተመልከቺ፤ የማይብለጨለጭ አረንጓዴ እረፊ፣ የማይብለጨለጭ ቀይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተሽ መዞርሽን ቀጥዪ ማለት ነው።

የጆሮ ማዳመጫውን አሁን አትግዢ። ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ያከራያሉ፤ እዚያ ስትደርሺም የሚሸጥ ያገለገለ አይጠፋም። ከመክፈልሽ በፊት አውሮፕላን ላይ ሰክተሽ ማይክሮፎኑን ሞክሪው፤ እኔ ከአውሮፕላን ውጭ የሞከርኩት ሁሉ ጥሩ ይመስል ነበር።