«ሲስተሙ ነው የከለከለዎት» መልስ አይሆንም

ጠያቂያችን «የብድር ማመልከቻ በራሱ የሚወስን ሲስተም እየሠራን ነው። ተራው አመልካች ውሳኔው እንዲገባው፣ ፍትሐዊም እንዲሆንለት ምን እናድርግ?» ብለዋል። ብድር ስገመግም፣ በኋላም ቅሬታ ስቀበል ቆይቻለሁና ያየሁትን ልጻፍ።

ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ነው። የደረሰው ደብዳቤ ግን «መስፈርቱን አላሟሉም» ብቻ ይላል። በዚህ ፋንታ እንዲህ ጻፉለት፦ «የወር ዕዳ ክፍያዎ የገቢዎን ግማሽ ይወስዳል። ከሲሶ ባይበልጥ ኖሮ፣ ሌላው መረጃዎ እንዳለ ሆኖ፣ ይፈቀድልዎ ነበር።» ይህን ያነበበ ሰው አንዱን ዕዳ ዘግቶ ይመለሳል፣ ወይም ትንሽ ብድር ይጠይቃል።

ምክንያቱ ግን እውነተኛ ይሁን። ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የሚቀራረበውን መርጦ መላክ ሰውን ማሳሳት ነው፤ ባልተከለከለበት ጉዳይ ሲደክም ይከርማል። የሒሳብ ቀመሩን መላክም አያዋጣም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ቀመር ብቻውን በቂ ማብራሪያ እንዳልሆነ ወስኗል። የተጠቀማችሁበትንም መረጃ አሳዩት። በስም መመሳሰል የሌላ ሰው ውዝፍ ዕዳ ተጭኖበት የተከለከለ አመልካች አጋጥሞኛል። መረጃውን ባያይ ኖሮ በምን ያውቅ ነበር?

ፍትሐዊነቱ ይከብዳል። «ጾታ የሚለውን አውጥተነዋል» ማለት አይበቃም። የሥራ ዓይነት፣ ሠፈር፣ የስልክ አጠቃቀም ያንኑ ነገር በጓሮ በር ያስገባሉ። አድልዎ መኖሩን ለመፈተሽ ደግሞ ያው ጾታ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ለፍተሻ ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ሞዴሉ፣ ማለትም ካለፉ ብድሮች ተምሮ የሚወስነው የሲስተሙ ክፍል፣ አይንካው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሞዴሉ የሚማረው ብድር ከተሰጣቸው ሰዎች ነው። የተከለከለው ሰው ይከፍል እንደነበር ማንም አይመዘግብም። ትናንት በአድልዎ የተገፉ ሰዎች ዛሬም «መረጃ የላቸውም» ተብለው ይገፋሉ። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ አመልካች ነጥብ ይሰጣል፤ ለጥቂት ነጥብ ከወደቁት መካከል የተወሰኑትን በዕጣ መርጣችሁ፣ ኪሳራውን አስቀድማችሁ ወስናችሁ፣ አበድሯቸው። ስንቱ እንደሚከፍል ያኔ ታውቃላችሁ። አለቆች ይህን ሐሳብ አይወዱትም፤ እኔ ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ይግባኝ የሚሰማ ሰውም መድቡ፤ ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ይኑረው። ያለ ሥልጣን የተቀመጠ ሠራተኛ «ሲስተሙ ነው» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ያው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳለው፣ አበዳሪው ውሳኔውን በዋናነት በነጥቡ ላይ ከመሠረተ፣ ነጥቡን ማውጣቱ ራሱ ሰው ሳይገባበት በማሽን እንደተሰጠ ውሳኔ ይቆጠራል።

ደብዳቤውን ከማውጣታችሁ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ላለ ሰው ስጡትና «ይህ ቢደርስዎ ነገ ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ደብዳቤውን እንደገና ጻፉት።