ታክሱ ዳላስ ይሻላል፣ እናቴ ግን ቶሮንቶ ናት

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ የምኖር ነርስ ነኝ። ካናዳዊው ባለቤቴ ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ይጫወታል፤ ውሉ በዚህ ክረምት ያልቃል። «ቴክሳስ የስቴት የገቢ ታክስ የለም» ብሎ ዳላስ ላይ ልቡ ቆርጧል። አብራን የምትኖረው እናቴ ስኳር አለባት፤ ጥያት መሄድ አልሆነልኝም። «እንግዲያው አንቺና ልጃችን እዚሁ ቆዩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ስለ ታክሱ ያሉት እውነት ነው። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከፍተኛ የገቢ ግብር ከፌዴራሉ ጋር 53.53 በመቶ ይደርሳል። ቴክሳስ ግን የፌዴራሉ 37 በመቶና ሜዲኬር ለሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚከፈል መዋጮ ብቻ ነው። እርግጥ ተጫዋች ካሊፎርኒያ ሄዶ ለሠራባቸው ቀናት ለካሊፎርኒያም ይከፍላል፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ተለያይቶ የመኖሩን ሐሳብ ግን አጥብቀው ይመርምሩት። የካናዳ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው ነዋሪነት ሲወስን ቀድሞ የሚያየው ቤቱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ነው። እናንተ ቶሮንቶ ከቀራችሁ፣ ባለቤትዎ ዳላስ ባገኙት ገቢም በካናዳ ግብር ሊጠየቁ ይችላሉ። የሁለቱ አገሮች ስምምነትም ቢሆን የሚያመዝነው ኑሮ የት እንደተተከለ አይቶ ነው። ቤተሰቡ ተለያይቶ ገንዘቡም ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

አብራችሁ ብትሄዱስ? እሳቸው በስፖርተኛ ቪዛ ከገቡ፣ የእርስዎ የቤተሰብ ቪዛ ሥራ አይፈቅድም፤ እናትዎንም አያካትትም። የኩርፊያው ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። እሳቸው የሚያስሉት የሚገኘውን ብቻ ነው፤ እርስዎ የሚያጡትን የቆጠረ የለም። የእሳቸውም ስጋት ግን መደመጥ አለበት፤ የሆኪ ዕድሜ አጭር ነው፣ አንድ ጉዳትም ሊቋጨው ይችላል።

የዝውውር ገበያው ጁላይ 1 ሲከፈት ብዙው ውል በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሁለት ምሽት ለዩ። በመጀመሪያው ምሽት ቁጥር አይነሳ። አንዳችሁ 15 ደቂቃ ይናገር፤ ሌላው ሳያቋርጥ ሰምቶ የሰማውን መልሶ ይናገር፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ገብቶሃል» ወይም «ገብቶሻል» እስኪል አይለፍ። ይህ የሚበላሸው አድማጩ «ግን» ሲል ነው፤ ያኔ መስማት ቀርቶ ክርክር ይጀመራል። ድምፅ ከፍ ካለ የምትመለሱበትን ሰዓት ተናግራችሁ ለ20 ደቂቃ ተለያዩ።

ሁለተኛው ምሽት የወረቀት ነው። የባለቤትዎ ወኪል የሁለቱን ከተሞች ከታክስ በኋላ የሚቀር ገንዘብ ያምጣ፤ እናንተ የእርስዎን ደመወዝ፣ የእናትዎን ተንከባካቢ ክፍያና የአውሮፕላን ትኬቱን ከዚያ ቀንሱ። «ያለ ፈቃዴ አልዛወርም» የሚል አንቀጽ ማግኘት ይቻል እንደሆነም ይጠየቅ፤ ያለሱ ክለቡ በዓመቱ መልሶ ወደ ካናዳ፣ ለምሳሌ ወደ ሞንትሪያል ቢልካቸው የታክሱ ስሌት ይፈርሳል። ቤትን ማስቀደምም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሆኪ ተጫዋቹ ጆን ታቫሬስ እ.ኤ.አ. በ2018 ኒው ዮርክን ትቶ ባደገበት አካባቢ ለቶሮንቶ ፈርሟል።

ከሁለቱ ምሽቶች በፊት ግን እናትዎን ያነጋግሩ። ማን ቢያግዛቸው እንደሚመርጡና የእርስዎን መሄድ እንዴት እንደሚያዩት ከራሳቸው አፍ ይስሙ።