የእናቴ ኪኒን ለምን ግማሽ ሆነ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እኔ 36 ዓመቴ ነው፣ እናቴ 78። ሁለታችንም ግፊት አለብን። ለእኔ ባለ 10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ታዘዘልኝ። ለእሷ ግን ባለ 5 አምሎዲፒን፣ እሱም ግማሽ ፍሬ። የላይኛው ቁጥሯ 165 ነው። አርጅታለች ብለው ችላ ብለዋት ይሆን? ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ከራሴ እየጨመርኩላት ነው። አሁን አሁን ያዞረኛል ትላለች።

መልስ፦ እናትዎን ማንም ችላ አላላቸውም። ግማሿ ፍሬ መነሻ ናት። በዕድሜ ለገፋ ሰው መድኃኒቱ በትንሹ ይጀመርና እየታየ ከፍ ይላል። 80 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች እንኳ ግፊታቸው ሲታከም የልብ ድካምና በስትሮክ መሞት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በዕድሜ የሚተው ሕክምና አይደለም፤ አይስጉ።

የእርስዎን ኪኒን መስጠት ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ያዞረኛል እያሉዎት እንዴት ይቀጥላሉ? የራሳቸውን ግማሽ ፍሬ ግን አያቋርጡባቸው።

ሰው ከተኛበት ሲነሳ ደም ወደ እግር ይወርዳል። እርስዎ ላይ የደም ሥሮቹ ወዲያው ጠበብ ብለው ግፊቱን ይመልሱታል። በ78 ዓመት ይህ ይዘገያል። የሰው ኪኒን ሲጨመርበት ደግሞ ይብስ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ያስቡት። በጾም፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሲሰግዱ ያስቡት። አንዲት እናት ተቀምጠው ስለካቸው 145 ነበር፤ ቆመው 110 ሆነ። ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ግንባራቸው ላይ ስፌት አየሁ። ከስግደት ሲነሱ ወድቀው ነው። የልጃቸውን ኪኒን ይወስዱ ነበር።

ስለዚህ የእናትዎ ግፊት ቁጭ ብለው ብቻ አይለካ። ከቆሙ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃም ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፤ መብራት ይብራላቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ለእርስዎም አንድ ነገር፦ ኢናላፕሪል ጽንስ ይጎዳል። ለመውለድ ካሰቡ ወይም የወር አበባዎ ከቀረ ቶሎ ይናገሩ፤ ይቀየርልዎታል።

ነገ ጠዋት እናትዎን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የሁለታችሁንም ኪኒኖች በፌስታል ይያዙ። ከእርስዎ ስንት ፍሬ እንደሰጧቸውም ሳይደብቁ ይንገሩ።