ኮርሱ ይቆይህ፣ መጀመሪያ ደብተር ግዛ

ሰንጋ ተራ አካባቢ የግንባታ ሳይት ከገባህ ስምንት ወርህ ነው። «ፕሮጀክት ማኔጅመንት አሁን ልማር ወይስ ልምድ ልያዝ?» ብለሃል። ወንድሜ፣ አሁኑኑ ጀምር። ግን ከኮርስ አትጀምር።

ከሳይት መዝገብ ጀምር። ዛሬ ስንት ሰው ገባ? ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ? ዝናብ ስንት ሰዓት አስቆመን? አማካሪው (ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ) ምን አዘዘ? ሁሉንም ጻፈው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ የጸሐፊ ሥራ መስሎኝ ንቄው ነበር። ኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ስንጠይቅ ማስረጃው ጠፋ። አንገቴን ደፋሁ።

ቀጥሎ አንድ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ምረጥ። ካሳፎርማ (የኮንክሪቱ ቅርጽ ማስያዣ)፣ ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ የአማካሪ ፍተሻ፣ የኮንክሪት ሙሌት። በቅደም ተከተል አስቀምጥና ለእያንዳንዱ ቀን ስጠው። አንድ ቀን ቢዘገይ ሙሌቱንም አንድ ቀን የሚገፋው የትኛው ነው? ክሪቲካል ፓዝ የሚሉት የእነዚህን ሥራዎች ሰንሰለት ነው። ለዚህ ኤክሴል ይበቃል፤ ኤምኤስ ፕሮጀክት የሚባለው የዕቅድ ሶፍትዌር በኋላ ይደርሳል። ቀኖቹን ግን ብቻህን አትገምት። ፎርማኑን ሻይ ጋብዘውና ጠይቀው። በእሱ «ሦስት ቀን» እና በቢሮው «ሦስት ቀን» መካከል ያለውን ልዩነት ያኔ ታየዋለህ (ብዙ ጊዜ ትክክል እሱ ነው)።

የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰነድ) ሲዘጋጅም ከሚያዘጋጁት አጠገብ ተቀመጥ። ልኬቱ እንዴት ብር እንደሚሆን ካልገባህ በጀት አይገባህም።

ስለ ምስክር ወረቀቱ፣ ፒኤምአይ የተባለው ዓለም አቀፍ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም የሚሰጠው ፒኤምፒ ፕሮጀክት የመምራት የዓመታት ልምድ ስለሚጠይቅ አሁን አይመለከትህም። የዚያው ተቋም የጀማሪዎች ምስክር ወረቀት፣ ካፕም (CAPM)፣ ግን የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ደብተሩ ሲሞላ እሱን አስብበት።